ነጥብ ኢዩን እምቢ ያልኩበት ቀን

ስለ ኢንተርኔት አድራሻ ልጽፍ መሆኔን የሚያውቁኝ ሰዎች ቢሰሙ ይስቃሉ። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሴት ነኝ። ይህን ጽሑፍም ፊደሉን እኔ ለቅሜዋለሁ፤ ነጥቡንና ሰረዙን ያስተካከለችው ልጄ ኤደን ናት። ነገሩ ግን በኔ ላይ የደረሰ ነው፤ ከኔ የተሻለ የሚያወራው የለም።

ያኔ እንዴት ያለሁ ሴት እንደነበርኩ ላስቀድም። ፈሪ ነበርኩ። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ አልጋ ሥር የምገባ፣ በር ሲንኳኳ ከመክፈቴ በፊት ስንት ክፉ ነገር የማስብ ፈሪ። ለዚህ ፍርሃቴ ምክንያቱ ቤቴ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ቡራዩ ላይ ቦታ የገዛነው ኦቦ ደቻሳ ከሚባሉ ገበሬ ነበር። የገዛነውም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ውል ተጽፎ፣ ምስክር ፈርሞ ነው። ቤቱን ሠርተን ገባን። በመንግሥት መዝገብ ግን ቦታው ያው የኦቦ ደቻሳ እርሻ ነው። ግድግዳው የኛ፣ ስሙ የሳቸው። ባለቤቴ ሲሞት ያ ነገር ሌት ተቀን የሚያባንነኝ ሆነ።

እጄን ያሠራኝም ፍርሃቱ ነው መሰለኝ። የልጅ ማዘያ መስፋት ጀመርኩ። አንቀልባን በቆዳ ሳይሆን በሸማኔ ጥጥ፣ በድርብ ድርብ፣ ትከሻ እንዳይቆርጥ ሰፋ ባለ ማንገቻ። ከወላይታ የመጡ ሁለት ሴቶች አብረውኝ ይሰፉ ነበር። አንድ ባዛር ላይ ሲልቪያ የምትባል ጀርመናዊት ገዛችኝ። ያኔ ሥራዋ አዲስ አበባ ነበር፤ ልጅም የወለደችው እዚሁ ነው። አገሯ ስትመለስ የሕፃናት ዕቃ መሸጫ ከፈተችና ማዘያ ታዝዘን ጀመር። በሷ ሱቅ በኩል የኔ ማዘያ የፈረንጅ ልጅ ይዞ ይዞር ጀመር ማለት ነው።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ወሬ መጣ። አዲስ አበባ ሰፍታ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ልታጠቃልል ነው ተባለ። ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው አለ፣ ተማሪው መንገድ ወጣ፣ ወታደር የጫነ መኪና መመላለስ ጀመረ። እኛ በውል የገዛነው ደግሞ ማን ፊት ቆመን ምን እንደምንል ጠፋን። የኔ ነው እንዳንል ስሙ የሰው ነው፤ የሳቸው ነው እንዳንል የምንተኛው እዚያ ነው።

በዚያው ሰሞን የሲልቪያ መልእክት ደረሰን። ትልቅ ባዛር ሊከፈት ነው፤ እናቶች ይህን ማዘያ የሚሠራው ማነው እያሉ ስለሚጠይቁ በእያንዳንዱ ላይ የኛ የድረ ገጽ አድራሻ ይሰፋበት አለች። የሚሰፋው መለያ በክር የሚሸመን ስለሆነ አድራሻውን እስከ ዓርብ ማታ ካላወቀች የራሷን ሱቅ ስም ብቻ አድርጋ ልታሠራው ነው።

ኤደን ድረ ገጹን ሠርታ ጨርሳለች። ኮሌጅ የተማረችው እሱን ነው። "እማዬ፣ ስሙን መርጠናል። የቀረው ጭራው ነው" አለችኝ።

"ምን ጭራ?"

"ከነጥቡ በኋላ ያለችው። ነጥብ ኮም፣ የኢትዮጵያው ነጥብ ኢቲ፣ የአውሮፓው ነጥብ ኢዩ የሚባለው።"

ለንደን የሚኖረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጌታቸው በስልክ ገባበት። ድምፁን ከፍ አድርገን ሰማነው። እሱ የመኪና ኪራይ ሥራ አለው፤ የሥራው አድራሻም ነጥብ ኢዩ ነው።

"ፈረንጅ ነጥብ ኢዩ ሲያይ ልቡ ይረጋል" አለ። "ዕቃው ቢበላሽ የት ሄጄ እከሳለሁ አይልም። ነጥብ ኢቲ ሲያይ ግን ካርታ ፍለጋ ይገባል።"

"ነጥብ ኮምስ ጋሼ?" አለችው ኤደን።

"እሱንማ ማንም ያወጣዋል። ምን ክብር አለው?"

"ነጥብ ኢዩን ግን እኛ ማውጣት አንችልም እኮ። እዚያ ነዋሪ መሆን ይጠይቃል።"

"እኔ ምንድነኝ ታዲያ? በኔ ስም ይወጣል፣ አለቀ። ቪዛ ሳትጠይቁ አውሮፓ ገባችሁ ማለት ነው!"

እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ። "ተባረክ ወንድሜ" አልኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ ያለኝ ለክብሩ አይደለም። በዚያ ሰሞን የኛ መንገድ ሲነድ በውጭ ቴሌቪዥን ይታያል ይባል ነበር። ነጥብ ኢዩ ከሆነ ቡራዩ መሆናችንን ማን ያውቃል? ከኋላው ተደብቄ እሰፋለሁ ብዬ ነው።

ዓርብ ጠዋት ተነሣን። የስልክ ኢንተርኔት ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚሠራው። ጌታቸው ከሰዓት በፊት አድራሻውን ያወጣል፤ ኤደን ኢንተርኔት ወዳለበት አዲስ አበባ ገብታ ድረ ገጹን ካገናኘችው በኋላ ለሲልቪያ ትልካለች። ስምምነታቸው ይህ ነበር። ታክሲ ግን የለም። ከአስፋልቱ በኩል ጥቁር ጭስ ይታያል።

"አትሄጂም" አልኳት።

"እማዬ፣ ዛሬ ነው እኮ ቀኑ።"

"አትሄጂም አልኩ። ጨርቅ ነው። ጀርመኗ ብትቀር ትቅር።"

"እሷ አይደለችም የምትቀረው። ሁልጊዜ የምንቀረው እኛ ነን። ሰፍተን እንሰጣለን፣ የሌላ ሰው ስም ይለጠፍበታል።"

ነጠላዬን አነሣሁ።

"የት ነው?" አለችኝ።

"አብሬሽ እሄዳለሁ።"

"አንቺ? ጎማ ሲፈነዳ አልጋ ሥር የምትገቢው?"

"አልጋውን ይዤ አልሄድም።"

ሳቋን ለቀቀችው። እየሳቅን ወጣን፤ ሳቁ ግን አስፋልቱ ድረስ እንኳን አላደረሰንም።

መንገዱ በድንጋይና በግንድ ተዘግቷል፤ መሐሉ ላይ ጎማ ይነዳል። ወጣቶች እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ቆመዋል። ብዙዎቹ የማውቃቸው ፊቶች ናቸው፤ የአንደኛው እህት እንዲያውም የወለደች ጊዜ ማዘያ ሰጥቻታለሁ። እሱም "ኤሳ ዴምቱ?" አለን፤ ወዴት ትሄዳላችሁ ማለቱ ነው። ኤደን በኦሮምኛ ስትመልስለት ድንጋዩን በእግሩ ገፍቶ ሊያሳልፈን ነበር። ያን ጊዜ ተኩስ ተሰማ። ቀጥሎ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሲሮጥ የኤደን እጅ ከእጄ ሾለከ።

"ኤደን! ኤደን!" እላለሁ፤ ድምፄ አይወጣም። ዓይኔ አያይም። ያኔ የአድራሻ ጉዳይ ትዝ አላለኝም፤ ልጄን ስጠኝ ብቻ ነበር የምለው። አንድ እጅ ክንዴን ጨበጠ። እሷ ናት። ግድግዳ ዳበስን፣ ቆርቆሮ አጥር ዳበስን፣ በር ከፈት ሲል ሰማን።

"ኮታ! ገላ! ግቡ፣ ግቡ!"

ኦቦ ደቻሳ ነበሩ። ጎትተው አስገቡንና በሩን በእንጨት ደገፉት። ግቢያቸው ውስጥ የታሰረች ላም ድርቆሽ ታመነዥካለች፤ ውጭ ምን እንዳለ ጉዳይዋም አይደለም። ውኃ በጣሳ አምጥተው ዓይናችንን አጠቡን።

"ሂን ሶዳቲና፤ አትፍሩ" አሉን። "እዚህ ማንም አይመጣባችሁም።"

"እግዜር ይስጥልኝ ኦቦ ደቻሳ። ባይከፍቱልን ኖሮ..."

"እኔም ወደ አንቺ ልመጣ ነበር፣ የኤደን እናት። መንገዱ ከለከለኝ እንጂ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ።"

ስፈራው የኖርኩት ቀን ዛሬ ነው አልኩ። "ቤቱን ሊወስዱብኝ ነው?"

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። "የሸጥኩትን? እንዲህ አድርገሽ ነው የምታውቂኝ?" አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ስሚኝ። ሰው በኔ ያሾፋል። ኦቦ ደቻሳ የቤት ጌታ ሆኑ፣ ሰፈር ሙሉ ቤት በስማቸው ነው ይሉኛል። እኔ የምተኛው አንድ ቤት ነው፤ እሱም ያፈሳል። አንቺ ስሙ የኔ ስለሆነ ትፈሪያለሽ። እኔ ደግሞ ቤቱ የአንቺ ስለሆነ እፈራለሁ።"

"እርስዎ ምን ያስፈራዎታል?"

"ነገ ብሞትስ? አንቺ ውል አለኝ ትያለሽ። ልጆቼ ደግሞ አባታችን አልነገረንም ይላሉ። ሳልሰርቅ የሌቦች አባት እባላለሁ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በማን ስም ነው?"

ውጭ ጩኸቱ ቀጥሏል፤ እኔ ግን ስለ ቤቱ ማሰብ ትቼ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ጀምሬአለሁ።

"ኤደን።"

"እ።"

"ያ ነጥብ ኢዩ የምትሉት፣ በማን ስም ነው ያላችሁት?"

"በጋሼ ጌታቸው። ነገርኩሽ እኮ፣ የአውሮፓ ነዋሪ ካልሆነ አይሰጥም።"

"እሱ ነዋሪ መሆኑ ቢቀርስ?"

"እንዴት ይቀራል?"

"እኔ እንጃ። ጠቅልሎ አገሩ ቢገባ። ሌላ አገር ቢሄድ።"

ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። "ለንደን እኮ ነው ያለው እማዬ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ተነቅላ የት ትሄዳለች?"

ኦቦ ደቻሳም ነገሩ ሳይገባቸው አብረዋት ሳቁ።

"ቢሞትስ?" አልኩ።

"እማዬ! እንዴት እንዲህ ይባላል?"

"አባትሽ ይሞታል ብዬ ነበር?"

ሳቋ ቆመ። "አድራሻው ሚስቱ ጋ፣ ልጆቹ ጋ ይሄዳል። የሚያድሰው ከጠፋም ሌላ ሰው ይወስደዋል" አለች።

"የሲልቪያ መለያ ደግሞ በክር ነው የሚሸመነው።"

"አዎ።"

"አይለቅም።"

"አይለቅም።"

"ነጥብ ኮም በኔ ስም ይወጣል?"

"ይወጣል፤ ዛሬውኑ። የት ነዋሪ ነሽ ብሎ አይከለክልም። ስምሽንና አድራሻሽን መሙላት ብቻ ነው።"

"ቡራዩ ተብሎ?"

"ቡራዩ ተብሎ። ነጥብ ኢቲም የኛው ነበር፤ ግን ቢሮ ሄዶ ፈቃድ አሳይቶ ነው። ዛሬ ማን ቢሮ ይከፍትልናል?"

"ደውይለት።"

እንደ ልማዳችን ሚስኮል አደረግንለት። ወዲያው መልሶ ደወለ።

"ደህና ናችሁ? እዚህ ዜና ላይ አይቼ..."

"ደህና ነን። አድራሻውን አወጣኸው?"

"ካርዴን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አሁን ልከፍል ነው።"

"ተወው።"

"ምኑን?"

"ነጥብ ኢዩን። ነጥብ ኮም አድርገው። በኔ ስም።"

ድምፁ ተለውጦ መጣ።

"እትዬ፣ ማነው እንዲህ ብሎ የመከረሽ?"

"ፍርሃቴ ነው።"

"በኔ አታምኚም ማለት ነው። የወንድሜን ሚስት ልዘርፍ? እዚህ የምኖረው እኔ፣ ነጋዴው እኔ፣ ፈረንጁን የማውቀው እኔ! አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው..." ቃሉን አልጨረሰውም፤ ግን ገብቶኛል። ከመቼ ወዲህ ነው ፊደል የቆጠርሽው ሊለኝ ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ እተወው ነበር። ሰው ተቆጥቶኝ የመለስኩበትን ቀን አላስታውስም። ያን ቀን ግን ከዚያ የባሰ ነገር አይቼ መምጣቴ ነው መሰለኝ፣ ቁጣው ትንሽ ሆኖ ታየኝ።

"ጌታቸው፣ ብጠረጥርህ ኖሮ ካርድህን አልለምንህም ነበር" አልኩት። "ያለሁት ኦቦ ደቻሳ ግቢ ነው። ነፍሳችንን አሁን ያዳኑን እሳቸው ናቸው። ቤቴ በስማቸው ነው፤ አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። እኔ ግን አንድም ቀን ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ሁለተኛ ቤት በሰው ስም አልሠራም። በወንድሜ ስምም ቢሆን አልሠራም።"

"ደንበኞቹ ባይቀበሉትስ? ቡራዩ ሲሉ ቢሸሹስ?"

"ልጅ የምታዝል እናት መጀመሪያ የምታየው ጨርቁ ይይዝልኝ እንደሆነ ነው። ይይዝላታል። ለሲልቪያም አንተው ላክላት፤ እኛ መንገድ የለ..."

ስልኩ ተቋረጠ። እሱ ዘጋው ይሁን መስመሩ አላወቅንም። ኤደን ደጋግማ ሞከረች፤ "ሊገኙ አይችሉም" ብቻ ነው የሚለው። ነገሩ ሁሉ በእጁ ወደቀ። ካርዱ እሱ ጋ ነው፣ ኢንተርኔቱ እሱ ጋ ነው። ማታ ሳይደርስ ሊያደርግልኝ የሚገባው ደግሞ አሁን የተቆጣበትን ነገር ነው።

"ነጥብ ኢዩ አድርጎት ቢልከውስ?" አለች ኤደን።

"ያኔ የሰው ቤት ውስጥ መኖሩን ለምደነዋል" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ሲበርድ ኦቦ ደቻሳ ዱላቸውን ይዘው ከፊታችን እየሄዱ ሸኙን። ያስቆመን ወጣት ሁሉ ፊት "ማቲ ኮ፤ ቤተሰቦቼ ናቸው" ይላሉ። የሚነካን አልነበረም። ቤቴ በር ላይ ስንደርስ ግድግዳውን በዱላቸው ነካ አደረጉና "መንገድ ሲከፈት ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ" ብለው ተመለሱ።

ከዚያ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ። ኢንተርኔት የለም፣ ጌታቸው አይደውልም። ሁለቱ ሴቶች "ስማችን ገባ ወይ?" ይሉኛል። መርፌ ይዤ ክር ማስገባት ያቅተኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ኤደን ጓሮ ሆና ጮኸች። እኔም እንደ ልማዴ ጭንቅላቴን ይዤ ወደ አልጋው ዞርኩ።

"ከዚያ ውጪ እማዬ! ኢንተርኔት መጣ! ነይ እይ!"

ስልኩ ላይ ፎቶ አለ። ነጭ መለያ፣ በሰማያዊ ክር የተሸመነ። ስማችን አለ፤ ቀጥሎ ነጥብ፤ ቀጥሎ ኮም። የፈረንጅ ፊደል ለኔ ይከብደኛል፤ ያን ቀን ግን እያንዳንዷን በጣቴ እየነካሁ አነበብኩ። ከሥሩ ደግሞ በትንንሹ ሌላ ጽሑፍ አለ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቡራዩ፣ ኢትዮጵያ ይላል። አድራሻሽን ስታይ ሲልቪያ ራሷ ጨምራው ነው።"

ልደብቀው የነበረውን ነገር ሸምና አወጣችው! ከፎቶው ሥር የጌታቸው መልእክት ነበር፦ "እትዬ፣ ያንኑ ቀን በስምሽ አውጥቼ ላክሁላት። ከዚያ አኩርፌ ነበር፤ አሁን ለቀቀኝ።" አለቀስኩ፣ ሳቅሁ። ሁለቱን ሴቶች ጠርቼ በየተራ አሳየኋቸው። አንደኛዋ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ሠርግ መስሎት መጣ።

ባዛሩ ላይ የላክነው አለቀ። ቡራዩ የሚለውን አይቶ የሸሸ የለም። እንዲያውም የት ነው ብለው በስልካቸው የፈለጉ እናቶች በቀጥታ ለኛ ይጽፉልን ጀመር፤ ልጆቻቸው በኔ ማዘያ ውስጥ ተኝተው የሚያሳይ ፎቶ ይልኩልኝ ጀመር። ከሁለት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል የጀመርኩት ሥራ ዛሬ የሰፊዎች ቤት ሆኗል።

ኦቦ ደቻሳም ቃላቸውን ጠበቁ። ልጆቻቸውን ደርድረው፣ ሽማግሌ አስቀምጠው "ይህ ቤት የሷ ነው፤ ስሰጣት ወስዳለች፣ ስትሰጠኝ ወስጃለሁ" አሏቸው። ጊዜው ደርሶ ስም ማዛወር ሲፈቀድ ምስክር የሆኑኝ እነዚያው ልጆች ናቸው። ዛሬ ቤቱ በኔ ስም ነው። በር ሲንኳኳ "ማነው?" እላለሁ።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ጌታቸው ደወለ።

"እትዬ፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ወጣች።"

"ወዴት?"

"እዚያው ናት። ግን ወጣች።" እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁም። "እኛ እንግሊዝ ያለን ሰዎች ነጥብ ኢዩ መያዝ አትችሉም ተባልን። የኔ አድራሻ ተወሰደ። መኪኖቼ ላይ የለጠፍኩትን ስፍቅ ነው የዋልኩት። ያንቺንም አውጥቼው ቢሆን... ያን ጊዜ ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"ማንም አልነገረኝም። ኤደን እንዲያውም የት ትሄዳለች ብላ ስቃብኝ ነበር።"

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ በእጃችሁ ሠርታችሁ ባሕር ማዶ የምትሸጡ፣ ነጥብ ኮም አድርጉ ነጥብ ኢዩ ተዉ ብዬ አልመክራችሁም። አውሮፓ የምትኖሩ ከሆነ ነጥብ ኢዩ ያምርባችኋል። ነጥብ ኢቲም የአገራችን ነው፤ ጊዜ ሳገኝ እሱንም በስሜ አውጥቼዋለሁ። እኔ የምለው ስለ ጭራው ማማር ስትከራከሩ በማን ስም እንደሚወጣ መጠየቅ አትርሱ ነው። ሰጪው ደግ ስለሆነ ብቻ አትለፉት። ኦቦ ደቻሳ ደግ ነበሩ፤ ጌታቸውም ደግ ነው። ደግነታቸው ግን እኔንም እነሱንም ከጭንቀት አላዳነንም። በፍርሃታችሁም አትፈሩ። የኔ ፍርሃት ብዙ ጊዜ አልጋ ሥር አስገብቶኛል፤ አንድ ቀን ግን ትክክለኛውን ጥያቄ አስጠይቆኛል።

በቅርቡ ኤደን ልጇን አዝላ፣ እኔም ተከትያት ኦቦ ደቻሳን ልንጠይቅ ሄድን። ዓይናቸው ደክሟል። ሕፃኑን ሲዳብሱ ጣታቸው ማዘያው ላይ ያለችውን መለያ ነካች። በጥፍራቸው ሞከሯት፤ አልላቀቅም አለች።

"ይሄ የተጻፈው የማን ስም ነው?" አሉኝ።

"የኔ ነው ኦቦ ደቻሳ።"

"ጋሪዳ" አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ሕፃኑንም ከነማዘያው ተቀብለው አቀፉት።